«ይያዙ» ሲላላና ሲጠብቅ

አሥራ አራት ነጥብ! እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። አሥራ አራት ነጥብ እየመራ፣ ስድስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ማን ይሸነፋል? ልሸነፍ ብሎ የተሳለ ሰው እንኳ እንዲህ አይሳካለትም። የእኛዎቹ ግን ተሳካላቸው። ይኸው ወራት አልፈውም፣ መቀሴን ይዤ ጨርቅ ላይ ሳጎነብስ ትዝ ካለኝ መስመሩን እስታለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ አሳጥሬ ቆረጥኩ። ሙሽራው ሲቆጣኝ ምን ልበለው? ቡሬ ላይ ስለተሸነፍን ነው ልበለው?

እኔ ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ልብስ ሰፊ ነኝ። የኮሌጁን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ማልያ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቢጫ፣ ጎን ለጎኑ አረንጓዴ መስመር ያለው። ቁምጣውን ከጉልበት በታች ያወረድኩትም እኔ ነኝ። «ይሄ ቁምጣ ነው ሱሪ?» ብለው ሲስቁብኝ «ለሁለቱም ያገለግላል» ብያቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እኔም ተጫውቼ ስለነበር ጨዋታውን አውቃለሁ። ማወቅ ደግሞ መከራ ነው። የማያውቅ ሰው ሲሸነፍ «ዕድል ነው» ብሎ ቤቱ ይገባል። የሚያውቅ ሰው ግን የቱ ጋ እንደተበላሸ፣ ማን እንዳበላሸው ለይቶ ያያል፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አይበላለትም።

ሴቶቹን መከታተል የጀመርኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። እህቴ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው ያገባችው። ባሏ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ልጃቸው ኮሌጅ ሲደርሳት እጇን ይዘው አምጥተው እኔ ቤት አስቀመጧት። የሰጡኝ አደራ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ከተማ እንዳያበላሻት» አሉኝ። አደራ በላ እንዳልባል ልጅቷን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት። ቁመቷ የአባቷ ነው፤ ኳስ ይዛ ስትሮጥ ደግሞ ማን እንደወለዳት እንጃ፣ ዓይን አይከተላትም።

የቡድኑ አምበል ግን ልጅ አይደለችም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ስታስተምር ኖራ፣ ትምህርቷን ልታሻሽል የመጣች መምህርት ናት። የእህቴን ልጅ ሦስተኛ ክፍል ያስተማረቻት እሷ ናት። እንግዲህ አስቡት፤ አስተማሪና ተማሪ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው አንድ ኮሌጅ ተገናኙ፣ አንድ ቡድን ውስጥ ገቡ፣ ቢጫ ማልያ ለብሰው አንድ ኳስ ይቀባበሉ ጀመር።

ይቺ መምህርት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማልያዋን ስለካት እጆቿን ዘርግታ እንደቆመች ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ትከሻውን ሰፋ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ባሕር ዳር የሚሄድ ማልያ ነው» አለችኝ። እኛና የቡሬ ኮሌጅ ሴቶች ተጫውተን ያሸነፈው ባሕር ዳር፣ የኮሌጆች ውድድር ላይ ይቀርባል። እዚያ ጨዋታው ጣሪያ ሥር፣ እንጨት ወለል ላይ ነው። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የተጫወተችው ሲሚንቶና አፈር ላይ ነው።

«ኳስ እንጨት ላይ ሲነጥር ድምፁ ሌላ ነው ይባላል» አለችኝ። «አንድ ቀን ልስማው ጋሼ። ከዚያ ወዲያ ጠመኔዬን ይዤ እገባለሁ። እኛ ትምህርት ቤት ቅርጫት የሚባለው የሽንኩርት ብቻ ነው።»

በሳቅ ነበር የተናገረችው፤ ግን ዓይኗን አይቻለሁ። ዓመቱ የመጨረሻዋ ነው። ውድድሩ መንገድ ተዘግቶ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። አሁን ካላለፈች ክረምት ላይ ትመረቅና ወደ ቋሪት ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ኳስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ትከሻውን ሰፋ አደረግሁላት፤ ስፌቱንም ደረብኩላት።

አሁን ወደ ጣጣው ልግባ። ጣጣው ልጅቷ አስተማሪዋን ሜዳ ላይ ምን ብላ ትጥራት የሚለው ነው። ይሄን ሁሉ የሰማሁት ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ አውቆ ነው እንዳትሉኝ። ልጅቷ እኩዮቿን «ያዢ!»፣ «ልቀቂ!»፣ «ሩጪ!» ትላለች፣ አለቀ። አምበሏን ግን «እትዬ፣ ይያዙ!» ነበር የምትላት። የኔታ ያሳደጓት ልጅ፣ ከእሷ በሦስት ዓመት የሚበልጣትን እንኳ አንቱ ካላለች ምላሷ አይታዘዝላትም። «እትዬ» ብላ እስክትጨርስ ተቃራኒዋ ኳሷን ነጥቃ ሄዳለች።

በዚህ ላይ አሰልጣኙ አለ። ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወርድ፣ ባሕር ዳር ተምሮ የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ «ዲፌንስ!» እያለ ይጮህባቸው ነበር። ግማሾቹ ወደፊት፣ ግማሾቹ ወደኋላ ሲሮጡበት ጊዜ ተወውና «ይያዙ!» ማለት ጀመረ። ሰዎቹ ይያዙ፣ ተቃራኒዎቻችሁን ያዙ ማለቱ ነው። ቡድኑም ለመደው፤ ማንም ተጫዋች አደጋ ሲያይ «ይያዙ!» ይላል፣ ሁሉም ሰው ሰውን ለመያዝ ይሮጣል። እንግዲህ አንድ ሜዳ ላይ ሁለት «ይያዙ» ሆነ። አንደኛው «እባክዎ ኳሷን ይቀበሉኝ» ነው፤ ሁለተኛው «እነዚያ ሰዎች አያምልጡ» ነው።

አምበሏ ይሄን ቀድማ አየችው። «ሜዳ ውስጥ እትዬ የለም» አለቻት ልጅቷን። «አንቺ በዪኝ። ያዢ በዪኝ።» ልጅቷ ይሄን ለመልመድ ሦስት ወር ፈጀባት። መጀመሪያ አካባቢ «ያዢ» ባለች ቁጥር አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር አሉ፤ አፍ የሸፈነ እጅ ደግሞ ኳስ አያቀብልም። በመጨረሻ ግን ለመደችው። «ያዢ!» ስትላት ሌላዋ ዞር ብላ ሳታይ እጇን ትዘረጋለች፣ ኳሷ እጇ ላይ ነች።

ከጨዋታው አንድ ሳምንት በፊት ሁለቱም ማልያ ሊያስተካክሉ ሱቄ መጡ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበረ፤ አንዲት ነጠላቸውን ሊያስጠልፉ የመጡ ትልቅ ሴት፣ ሁለት የዱርቤቴ ነጋዴዎች። መምህርቷ ወንበር ላይ ቆማ ቁምጣዋን ስታይ፣ «የመርፌዋን ቆርቆሮ አቀብዪኝ» አለቻት። የእህቴ ልጅ ቆርቆሮዋን አነሳችና «ያዢ!» ብላ ከሱቁ ወዲያ ማዶ ወረወረችላት። መምህርቷ ዞር ሳትል በአንድ እጇ ቀለበችው።

የእኔ መቀስ ከእጄ ወደቀ። «ምን አልሽ አንቺ?» አልኳት። «ማንን ነው ያዢ የምትዪ? አስተማሪሽን? ፊደል ያስቆጠረችሽን? የኔታ ይሄን ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ከተማ እንዳያበላሻት ብለው አይደለም ወይ እጄ ላይ ያስቀመጡሽ!»

መምህርቷ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ…» ብላ ጀምራ ነበር።

«አንቺ ደግሞ አትሸፍኚላት!» አልኩ። «ዛሬ አንቺን አንቺ ያለች፣ ነገ እኔን አንተ ልትለኝ ነው!»

ትልቋ ሴት «ደግ አደረግህ ልጄ፤ ዘመኑ ከፍቷል» አሉኝ። የዱርቤቴዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኔ ደረት ተነፋ። ልጅቷ ዝቅ ብላ ጉልበቴን ሳመችና «ሁለተኛ አይለመደኝም ጋሼ» አለች። እኔም አደራዬን የጠበቅሁ ሰው ነኝ ብዬ ያን ቀን እያፏጨሁ ስሰፋ ዋልኩ። ምነው ያን ዕለት ጉሮሮዬን በዘጋው!

ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ቡሬ ላይ ነበር። ሁለት ሚኒባስ ሞልተን ሄድን። ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ እኔ ከፊት ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ አባት እየተንጎማለልኩ ነው። መምህርቷ ከኋላዬ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ስንገባ ዓባይን ያስጎበኙናል አይደል?» ትላለች። እኔም «ምን ገዶኝ! ጀልባም አሳፍርሻለሁ» እላለሁ። ገና ሳንጫወት ባሕር ዳር ደርሰን ነበር።

ሦስቱን ሩብ የተጫወቱትን ጨዋታ በዕድሜዬ አላየሁም። የምሬን ነው። መምህርቷ ከቅርጫቱ ሥር ሆና ማንንም አታስጠጋም፤ የእህቴ ልጅ ከዳር ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ቡሬዎቹ ጀርባዋን ብቻ ነው የሚያዩት። ድምፅ አታሰማም ነበር። ሌሎቹ ሲንጫጩ እሷ ዝም። እኔ ደግሞ «አየህ፣ ተግሣጽ የሰማች ልጅ እንዲህ ነች» ብዬ በልቤ ደስ ብሎኛል። የቡሬ ደጋፊ ጀሪካን እየደበደበ መጥቶ ነበር፤ ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ ጀሪካኑን ገልብጦ ተቀመጠበት። አርባ አንድ ለሃያ ሰባት። አራተኛው ተጀምሮ ስድስት ደቂቃ እስኪቀር ድረስም ልዩነቱ ያው ነበር። እኔ ከጎኔ ለነበረው ሰው «ባሕር ዳር ዘመድ አለህ ወይ? ማደሪያ እንዳንቸገር» አልኩት።

ከዚያ መምህርቷ አራተኛ ፋውሏን ሠራች። አምስት ከሞላ ትወገዳለች። አሰልጣኙ አስወጣትና አስቀመጣት። እሺ፣ ይሁን። ግን ከዚያ ምን አላቸው? «ረጋ በሉ፤ ሰዓት አባክኑ!» አላቸው። በስመ አብ! ስታጠቃ የኖረችን ልጅ ረጋ በዪ ሲሏት ምን ትሆናለች? ቆማ ታስባለች። ቅርጫት ኳስ ደግሞ ቆሞ የሚያስብ ሰው አይወድም። እኔ ከዳር ሆኜ «ኧረ አጥቁ! ምን ያቆማችኋል!» ብዬ እስክሰነጠቅ ጮህኩ። ማን ይስማኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኛ።

ቡሬዎች አንዲት አጭር ልጅ አለቻቸው። እስከዚያ ድረስ መኖሯንም አላየን። ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆማ ዝም ብላ ወረወረችው፤ ገባ። «ዕድል ነው» አልኩ። መልሳ ወረወረች፤ ገባ። «ንፋሱ ነው» አልኩ። ጀሪካኑ እንደገና ተነሣ። የእኛዎቹ ኳስ ሲይዙ እጃቸው ላይ ፍም የተቀመጠ ይመስል ለጓደኛቸው መወርወር፣ ያቺም ለሌላዋ፣ በመጨረሻ ለቡሬ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኛ ከሞኝም ከወረቀትም አንሰን ተገኘን። አሥራ አራቱ ስምንት ሆነ፣ ስምንቱ አምስት፣ አምስቱ አንድ። አሰልጣኙ ፊሽካውን ይነክሳል። ፊሽካ እኮ የሚነፋ ነው እንጂ የሚበላ አይደለም!

ሁለት ደቂቃ ሲቀር መምህርቷ ማንንም ሳትጠይቅ ተነሥታ ገባች። አንድ አገባች፤ አርባ አምስት ለአርባ ሁለት። እሰይ! ብለን ሳንጨርስ ያቺ አጭር ሁለት ነፃ ውርወራ አገኘችና ሁለቱንም አስቆጠረች። አርባ አምስት ለአርባ አራት። ዘጠኝ ሰከንድ ቀረ፣ ኳሷም የእኛ ናት። ዘጠኝ ሰከንድ ኳስ ይዞ መቆየት ብቻ! የእኔ እናት በሕይወት ብትኖርና ብትሰጧት፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቆይላችሁ ነበር።

ኳሷ የእህቴ ልጅ ጋ ናት። ሁለት ቡሬዎች ጥግ ላይ አጣበቧት። መምህርቷ መሐል ሜዳ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ሌሎቹን ወደ ቦታቸው ስትመራ ነበር። ልጅቷ አየቻት። ኳሷን ወረወረች፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜም ጮኸች። ጩኸቷን እኔ ሰምቻለሁ፣ ጀሪካኑ እየተደበደበም ሰምቻለሁ። «ይያዙ!»

መምህርቷ «ይያዙ» ስትሰማ ምን አደረገች? ኳሷን ልትቀበል አልዞረችም። ሦስት ወር ሙሉ እንደለመደችው ሰውን ልትይዝ ሮጠች። እጇን ዘርግታ ያቺን አጭር ልጅ ለመያዝ ስትሮጥ፣ ኳሷ እሷ ለቃ በሄደችው ባዶ ቦታ አለፈች። ሌላዋ የቡሬ ልጅ ከኋላ መጥታ እንደ ወደቀ ማንጎ አነሣቻትና ሮጣ አገባች። አርባ ስድስት ለአርባ አምስት። ፊሽካ። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያልተሳደብኩት ሰው የለም። ነፋሱን ሳይቀር ተሳደብኩ። አሰልጣኙን «አንተ ሰዓት አባክኑ ስትል የእኛን ዕድሜ ነው ያባከንከው!» አልኩት። ዳኛውን፣ ጀሪካኑን፣ ሲሚንቶውን። መምህርቷ ሜዳው ዳር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ መልሳ አሰረች፤ መልሳ ፈታች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን የለም። ማንኩሳ ስንደርስ አላስቻለኝም። ወደ ኋላ ዞሬ የእህቴን ልጅ አፈጠጥኩባት። «እሺ፣ አንቺ! ኳሷን ስትወረውሪ ምን ብለሽ ነው የጮህሽው?»

ልጅቷ አቀረቀረች። መምህርቷ መለሰችልኝ፤ «ይተዉዋት ጋሼ። ይያዙ ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ ሰዎቹ ይያዙ ያለች መሰለኝ። የእኔ ጥፋት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ ላይ ድምፅ አላሰማችም፤ ደክሟት ነው ብዬ አልጠየቅኋት።»

«እንዴ! ታዲያ ያዢ አትያትም ነበር?» ብዬ አንባረቅሁ። «ያዢ! ሁለት ፊደል! ያዢ ብትያት ኖሮ ዛሬ ባሕር ዳር ነበርን እኮ! ምላስሽን ምን ያዘው?»

ረዳቱ እንኳ ዞሮ አየን። ልጅቷ ቀስ ብላ ቀና አለች። ድምጿ የሚሰማ አይደለም፤ አንቱታዋን ግን አልረሳችም።

«ጋሼ፣ ነውር ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

መቀሴ ሲወድቅ፣ ቆርቆሮው ሲቀለብ፣ የዚያች ትልቅ ሴት «ደግ አደረግህ»፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ጨዋታ አውቃለሁ ባዩ፣ ከዳር ቆሞ ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኸው፣ ጨዋታውን ያበላሸው ከሳምንት በፊት ሱቁ ውስጥ ኖሯል። ወደ ፊት ዞርኩና እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ መንገዱን አየሁ። አንድም ሰው አላናገረኝም። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት!

በማግስቱ የኔታ ከገበዝ ማርያም ደወሉ፤ ኔትወርክ ሲገኝ ሁልጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የሚደውሉ። ልደብቃቸው አልቻልኩም፤ ሁሉን ነገርኳቸው። ከዚያ እንደ ሰው አዘኑልኝ? ኧረ ምን በወጣቸው፣ ሳቁ!

«ቃሉን እስቲ ድገምልኝ» አሉ። «ይያዙ፤ ‹ያ›ን ስታላላው ልመና ነው፤ እባክዎ ይቀበሉ። ስታጠብቀው ፍርድ ነው፤ ሰዎቹ ይታሰሩ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለች ቃል ለማግኘት ሳምንት ሱባኤ ይገባሉ። ልጄ ሜዳ ላይ አገኘቻት!»

«የኔታ፣ እኔ ቆስያለሁ፣ እርስዎ ቅኔ ይቆጥሩልኛል» አልኳቸው። «አደራ ያሉኝ ልጅቷ ስድ እንዳትሆን አይደል? እኔ እንግዲህ አንቱታዋን ላስጠብቅ ብዬ ነው።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «እመቤታችንን ስትለምን ምን ብለህ ነው የምትጠራት?» አሉኝ።

«እመቤቴ ሆይ፣ አንቺ…» ብዬ ቆምኩ።

«አንቺ። ፈጣሪንስ አንተ አይደለም የምትለው? የቸገረው ሰው አንቱ አይልም። ሰውዬ፣ ያቺ መምህርት ከእመቤታችን ትበልጣለች እንዴ?» ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። ወይም ኔትወርኩ ተቋረጠ። እኔ ግን ዘጉብኝ ነው የምለው።

መምህርቷን ይቅርታ ልጠይቅ አሥር ቀን ፈጀብኝ። ከእኔ በዕድሜ በብዙ የምታንስ ሴት ፊት ቆሜ ምን ልል ነው? በመጨረሻ የማልያዋ ጎን ተተርትሯል በሚል ሰበብ አስጠራኋት። ምንም አልተተረተረም፤ እኔ የሰፋሁት ይተረተራል ወይ! መጣች። «በእኔ ምክንያት ነው ከባሕር ዳር የቀረሽው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ይሄን ካልኩ ወዲያ ጨርቁን እንጂ ፊቷን ማየት አልሆነልኝም።

«ጋሼ፣ ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል ብሎ ሰሌዳ ላይ የጻፈላት ማን ይመስልዎታል?» አለችኝ። «ሦስተኛ ክፍል፤ እኔ ነኝ። አሥር ጊዜ ጻፊ ብዬ፣ በቀይ አርሜ፣ ጎበዝ ብያታለሁ። ያስተማርኩት ነው የደረሰብኝ።»

ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ከዚያ ማልያውን ከእጄ ተቀበለችና ትከሻው ላይ የደረብኩትን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። «ባሕር ዳር የሚያደርስ ስፌት ነበር የሰፉልኝ» አለች። ሳቋ እዚያ ላይ አለቀ። እኔ ምን ላድርግ፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በክረምቱ ተመረቀች። ወደ ቋሪት የምትሄድ ዕለት እኔም መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ቡድኑ መታሰቢያ ይሁናት ብሎ የተጫወቱባትን ኳስ ሊሰጣት ተስማምቶ፣ ኳሷን የምታመጣው የእህቴ ልጅ ነበረች። የት አለች? የለችም! ሻንጣው ጣሪያ ላይ ተጭኗል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል፣ ልጅቷ የለችም። «ሁልጊዜ መጨረሻዋ ላይ ነው እኛን የሚያቅተን!» ብዬ ብቻዬን አንባረቅሁ።

መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ከወዲያ ጫፍ ብቅ አለች። ጭቃውን እየረጨች፣ በሰውና በፍየል መካከል እየተሽሎከለከለች፣ ያው እንደ ሜዳዋ ነው የምትሮጠው። መምህርቷ በመስኮት በኩል ወደ እኔ እጇን እያወዛወዘች ስለነበር አላየቻትም። ልጅቷ እንደማትደርስ ስታውቅ ቆመች፣ ኳሷን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ያዢ!»

መናኸሪያው ሁሉ ዞረ። አንድ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ «አይ ባለጌ! ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» ብለው በምርኩዛቸው አመለከቷት።

«ዝም ይበሉ አባቴ! ትክክል ነው ያለችው!» ብዬ ጮህኩባቸው። እኔ! ሽማግሌ ላይ! በአደባባይ!

መምህርቷ ዞር ብላ አላየችም። እጇን ብቻ በመስኮቱ ዘረጋች፤ ልጅቷ የወረወረቻት ኳስ እጇ ላይ አረፈች። ልጅቷ አፏን አልሸፈነችም፤ ዝናቡ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት።

ያዘቻት። ምን ያደርጋል፤ መኪናው የባሕር ዳር አልነበረም።